ጨው ያልነካው ሰጋቱራ

ሰጋቱራ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። እፍ ቢሉት ይበናል። እኔ ግን አሰብ ላይ ጉልበቴን የጨረስኩት ከእሱ ጋር ስታገል ነው። «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «እንጨት መሰንጠቂያ ቤት» እላለሁ እንጂ፣ የሚሰነጥቀው ሌላ ሰው ነበር። እኔ ከመጋዙ ሥር የሚወርደውን ነው የማነሳው። ብዙ አልተማርኩም፤ ማንበብና መጻፍ ብቻ ይዤ ነው ወደ ባሕሩ የወረድኩት። ስለዚህ ቀስ ብዬ፣ እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው።

መሰንጠቂያችን ትንሽ ነበረች። ከወደቡ አጥር ብዙም አትርቅም። ቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ ትልቅ መጋዝ፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፤ ይኸው ነው። መርከብ ላይ ጭነት እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚደገፍበት ወፍራም እንጨት አለ። መርከቡ ሲራገፍ እሱን ያመጡልናል፤ እኛ ለበር፣ ለአልጋ፣ ለዕቃ ሣጥን፣ ለጀልባ ወለል እንሰነጥቀዋለን። ከየትኛው አገር ጫካ እንደተቆረጠ የሚያውቅ የለም። አንዱ ቀይ ሰጋቱራ ያወርዳል፣ አንዱ እንደ ሽሮ ቢጫ፣ አንዱ ደግሞ ሲሰነጠቅ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

ከመጋዙ ሥር ጉድጓድ አለ። ሰጋቱራው እዚያ ይወርዳል። ቶሎ ካልተነሳ ሞልቶ ምላጩን ያንቀዋል፤ ከማለስለሻው ግራሶ ጋር ተለውሶ ኩሽኔታው ላይ ይለጠፋል፤ ኩሽኔታው ይግላል፣ ከዚያ ይጨሳል። በደረቅ እንጨት ቤት ውስጥ ጭስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። መጋዙን የሚያንቀሳቅሰው የአሥመራ ልጅ ነበር፤ በዕድሜ እኩያዬ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ልቡ ደግሞ የሕፃን። ከሞተሩ ጩኸት በላይ «ሓወይ! ጉድጓዱ ጠግቧል!» ይለኛል። ወንድሜ ማለቱ ነው። አካፋዬን ይዤ እወርዳለሁ።

ከጉድጓድ ማውጣቱ እንኳ ቀላል ነው። መከራው ከወጣ በኋላ ነው። የአሰብን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጓሮ የከመርኩትን አንስቶ ሠፈሩ ላይ ያድለዋል። አጠገባችን ከወሎ የወረደ ባለሱቅ ነበር፤ የሠፈሩ እድር ሰብሳቢም እሱ ነው። ደጃፉ ላይ ሻይ ያፈላል። ብርጭቆ በእጁ ይዞ ይመጣል።

«አንተ ሰው! ደንበኞቼ ሻይ እየጠጡ አይደለም እኮ፣ እንጨት እያላመጡ ነው!»

«ቅመም ጨመርኩልህ እንጂ ምን በደልኩህ?» ይለዋል የመጋዙ ሰው።

«ቅመምህን ለራስህ!»

መፍትሔው ክምሩን ማራስ ነው። ግን በምን? ጣፋጭ ውኃ አሰብ ላይ ለመጠጥም ተለምኖ ነው። ስለዚህ በርሜል በአህያ ጋሪ ጭነን ከባሕር እንቀዳለን። የባሕር ውኃ ሲፈስበት ሰጋቱራው ይጠጣዋል፤ ፀሐይ ሲመታው ጨው እንደ ቅርፊት ይጋገርበታል። ከዚያ ወዲያ ነፋስ የፈለገውን ቢያፏጭ አንዲት ቅንጣት አያነሳም። ይህን ያስተማረን ማንም የለም፤ ችግሩ ራሱ ነው።

ባለቤቴ ግን በዚህ አልተደሰተችም። እሷ ምግብ የምታበስለው በሰጋቱራ ነበር። ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ታመጣለች፤ ከሥር በጎኑ ትበሳዋለች፤ መሐሉ ላይ ጠርሙስ ታቆምና ዙሪያውን ሰጋቱራ በእጇ እየደቆሰች ትሞላዋለች። በመጨረሻ ጠርሙሱን ዞር ዞር አድርጋ ስትስበው መሐሉ ቀዳዳ ይቀራል። ከሥር እሳት ስትለኩስበት ግማሽ ቀን ያለ ጭስ፣ ያለ ድምፅ ይነዳል። አሰብ ላይ እንጨትም ከሰልም ብርቅ ስለሆነ ብዙ ቤት እንዲህ ያደርግ ነበር፤ እንደሷ ጠቅጥቆ የሚሞላ ግን አላየሁም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ቆርቆሮው ዝጎ ተበስቷል፣ እሳቱ ይንጣጣል።

«ና ቅመስ» አለችኝ።

«ምኑን ነው የምቀምሰው?»

«ሥራህን!»

ቆንጠር አድርጋ ምላሴ ላይ አደረገችልኝ። ጨው። እሷ እየሳቀች፣ እኔ እየተፋሁ። «ባሕሩን በሙሉ ኩሽናዬ ውስጥ አስገባህብኝ እኮ፣ አንተ ሰውዬ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በትእዛዟ ሁለት ክምር ሆነ። አንደኛው የጨው ክምር፤ ደጅ ላይ ያለው፣ ጋራዦች የፈሰሰ ዘይት ለማድረቅ የሚወስዱት። ሁለተኛውን ጣፋጩ ክምር እንለዋለን፤ ከግንቡ ጀርባ ነፋስ የማያገኘው፣ በሸራ የተሸፈነ፣ የባሕር ውኃ ጠብ የማይልበት። ከጣፋጩ እሷ በወንፊት ነፍታ በጆንያ ትወስዳለች።

ሌላው የጣፋጩ ክምር ደንበኛ አንድ አፋር ዓሣ አጥማጅ ነበር። በረዶ የሚያቆየው በሰጋቱራ ነው። ትልልቁን የበረዶ ድንጋይ በደረቅ ሰጋቱራ ቀብሮ ዒድ እስከሚባለው የባሕር ዳር መንደር ድረስ በጀልባ ይሄዳል፤ ዓሣ ጭኖ ይመለሳል፤ በረዶው ገና አለ። አንድ ጊዜ እኛ በሌለንበት ከጨዉ ክምር ጭኖ ሄደ። ሲመለስ ጀልባውን እንኳ ሳያስር መጣ።

«ሰላም አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። ምነው ፊትህ?»

«ወላሂ ዓሣዬን ሾርባ አደረጋችሁት! በረዶው መንገድ ሳይጋመስ ውኃ ሆነ።»

እንዲህ ነው የተማርነው። ጨው የነካው ሰጋቱራ በረዶ አያቆይም፤ እንዲያውም ያቀልጠዋል።

ባለቤቴ አንድ ሌላ ሕግ ነበራት። ማታ ከሥራ ስገባ ደጃፉ ላይ ታቆመኛለች። «አራግፍ!» ትለኛለች። ትከሻዬን፣ ጀርባዬን በእጇ እየመታች ሰጋቱራውን ታወርዳለች፤ ጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር ትፈልጋለች። «ከጆሮህ ያወጣሁት ብቻ አንድ በር ይወጣዋል» ትላለች። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። ቤታችን ውስጥ ድምፅ ማለት የሷ ድምፅ ነበር።

አንድ የሚቆጫት ነገር እናቷ ነበረች። እናቷ ያሉት ኮምቦልቻ አጠገብ ነው። ወደ አሰብ ይዣት ከወረድኩ ወዲህ አልተያዩም። አንድ ዓመት መንገዱ በጦርነት ይዘጋል፣ አንድ ዓመት አሮጊቷ ይታመማሉ፣ ሰላም ሲሆን ደግሞ «ያን የእሳት አገር አልችለውም» ብለው ይቀራሉ። «ዘንድሮ ይመጣሉ» እያለች በየዓመቱ አዲስ አንሶላ ታጥብ ነበር።

ባለቤቴ የታመመችው ሙቀቱ በሚከብድበት በክረምቱ ወር ነው። ትኩሳት ነው፤ መጀመሪያ እንደ ቀላል ያየነው። ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ መርፌም ተወጋች፣ የሚቻለው ሁሉ ተደረገላት። አልተመለሰችም። የመጨረሻዎቹን ቀናት ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም፤ «እናቴን ጥራልኝ» ብቻ። «እጠራለሁ» አልኳት። ባለሱቁ ኮምቦልቻ ስልክ ያለው ወንድም ስለነበረው ልንደውል ስንዘጋጅ፣ ጎህ ሲቀድ ሄደች። እጄ እጇ ላይ ነበር። ከዚህ በላይ ስለዚያ ጠዋት መጻፍ አልችልም።

ስልኩ ግን ተደወለ። ባለሱቁ ነው የደወለው። በእኛ አገር እናትን «ልጅሽ ሞተች» ብሎ በስልክ የሚናገር የለም። «ልጅዎ ታማለች፣ ቶሎ ይምጡ በላቸው» አለ ወንድሙን። ወንድሙም ባዶውን ወደ ወደብ ለሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር አሮጊቷን አደራ ሰጠ። ሾፌሩ እውነቱን ያውቃል፤ እሳቸው አያውቁም። የሚደርሱት በማግስቱ ነው።

ባለሱቁ ተመልሶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ወንድሜ፣ ይህ አሰብ ነው፤ ደጋ አይደለም። ከሰዓት በኋላ እንሸኛት።»

«እናቷ ፊቷን ሳያዩ አፈር አይጫናትም» አልኩ።

ቄሱም አጠገባችን ነበሩ። «ልጄ፣ ጸሎቱን እኛ እናደርሳለን። ሙቀቱን ግን ምን እናድርገው?» አሉኝ።

«እጠራልሻለሁ ብያታለሁ፣ አባቴ።»

  ያን ጊዜ ዓሣ አጥማጁ ከድንኳኑ ጥግ ተነስቶ መጣ። ፊቴን ማየት ፈርቶ መሬት መሬት እያየ «በክፉ አትመልከትብኝ» አለኝ። «እኔ በረዶ አመጣለሁ። አንተ ሰጋቱራ አለህ።»

የመጋዙ ሰው ሞተሩን አስነሳ። ሁለት ሣጥን ነው የተሠራው። አንዱ የሷ፤ ሌላው እሱን የሚያስገባ ትልቅ፣ በመሐላቸው በረዶና ሰጋቱራ የሚገባበት። ሎሚ ሎሚ የሚሸተውን ጣውላ መረጠላት። ሲሰነጥቀው ሰጋቱራው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። እኔ ሳላስበው አካፋ አንስቼ ወረድኩ። ሰዎች ተንደርድረው መጡና አካፋውን ከእጄ ወሰዱት። «ዛሬስ ተወው» አሉኝ። የማውቀው ሥራ ይኸው ብቻ እንደሆነ እንዴት ልንገራቸው?

የወደብ ወዛደሮች ከጣፋጩ ክምር በጆንያ እየሞሉ አመጡ፤ በረዶውን ደረደሩ፣ ሰጋቱራውን ሞሉበት፣ ከላይ ሸራ አለበሱት። ሥራው ያማረ ነበር። እኔም ትንሽ ተንፈስ አልኩ።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ዓሣ አጥማጁ ሣጥኑ ሥር ተንበረከከ። ከሥር ውኃ ይወርዳል። የሚንጠባጠብ አይደለም፣ የሚወርድ።

«ይህ መሆን የለበትም» አለ። «በረዶው እስከ ነገ ማታ መቆየት ነበረበት።»

እጄን ሰደድኩና ቆንጠር አድርጌ ምላሴ ላይ አደረግሁ። እሷ እንዳስተማረችኝ። ጨው ነው።

ዞር ስል የመጋዙ ሰው ፊቱ አመድ መስሏል። «ሓወይ…» አለ። «ጠዋት ነው። መርዶውን ሰምቼ ግቢውን ልዘጋ ስሄድ ነፋሱ ሸራውን ቀዶታል። ጣፋጩ ክምር እየተበተነ ነው። አንተ ሐዘን ላይ ነህ፣ ድካምህ ሁሉ አየር ላይ ሲበን አሳዘነኝ። ጋሪው ላይ ያለውን በርሜል ገለበጥኩበት። ለበረዶ ይፈለጋል ብዬ መች አሰብኩ? ሲያመጡትም እኔ መጋዙ ላይ ነበርኩ። ላንተ ብዬ ነበር እኮ፤ ላንተ ብዬ…» 

አልተቆጣሁትም። ሊቆጡት የሚቻል ነገር አልነበረም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም የማደርገው ያንኑ ነው፤ ክምር ሲበተን ማየት ለእኛ ለሁለታችን ሥጋ ሲቆረስ እንደማየት ነበር። ግን ውኃው ይወርዳል። ባለሱቁ ሰማዩን ያያል። «አሁንም ብርሃን አለ» አለ በለሆሳስ። ሳይመሽ እንቅበራት ማለቱ ነው።

ያኔ ነው ኩሽናው ትዝ ያለኝ።

የባሕሩ ወበቅ ሲበረታ ሰጋቱራ ስለሚረጥብባት፣ አስቀድማ የደረቀውን እየነፋች ታከማች ነበር። የጆንያዎቹን አፍ በሲባጎ ሰፍታ፣ ከመሬት እርጥበት እንዳያገኛቸው ከሥር ድንጋይ አድርጋ፣ ግድግዳ ጥግ ትደረድራቸዋለች። እኔ ለሥራ እንኳ አንድ ብጠይቃት «መሥሪያ ቤት ያለው ያንተ ነው፤ ኩሽና ያለው የእኔ ነው» ትለኝ ነበር። አንዱን ጆንያ ፈታሁ። እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። ዱቄት ነው። ደረቅ፣ ልስልስ። ቀመስኩት። ምንም ጨው የለውም።

ሁሉንም አወጣናቸው። የመጋዙ ሰው ጨው የነካውን ሰጋቱራ በሁለት እጁ እየዛቀ ጣለው፤ አካፋ ስጡኝ እንኳ አላለም። ዓሣ አጥማጁ በማግስቱ ለባሕር ያዘጋጀውን በረዶ አምጥቶ ጨመረ፤ ዓሣውን ተወው። ከዚያ የሷን ሰጋቱራ እንደሷ ጠቅጥቀን ሞላን። ስትሞላው ያየሁትን ሁሉ ያን ጊዜ በእጄ ደገምኩት። ውኃው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ከዚያ ቆመ።

በማግስቱ ፀሐይዋ ያው የአሰብ ፀሐይ ናት። እኩለ ቀን አለፈ። ባለሱቁ ሰዓቱን ያያል፤ ግን አፉን አይከፍትም፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ለቀስተኛው መንገዱን ብቻ ነው የሚያየው። መኪናዋ ስትመጣ መጀመሪያ አቧራዋ ታየ።

ሾፌሩ ቀድሞ ወረደ። ፊቱ ከእኔ የባሰ ነበር። በኋላ እንደነገረኝ፣ አሮጊቷ መንገዱን በሙሉ ማርና ቅቤ የያዘ ዘንቢል ጭናቸው ላይ አድርገው ነበር። መኪናዋ በቆመችበት ሁሉ «ልጄ፣ ትኩሳቱ ለቀቃት ይሆን?» ይሉታል። «ይለቃታል፣ እማማ» እያለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እያዞረ ነው ያመጣቸው።

ከመኪናው ሲወርዱ ድንኳኑን አዩት። ዘንቢሉን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጡ። አልጮኹም።  እኔን ሲያዩ «የት ናት?» አሉኝ፤ ያችኑ ብቻ።

ሸራውን አነሳን። ሰጋቱራውን ጠራርገን ክዳኑን ከፈትን። ፊቷ የተኛ ሰው ፊት ነበር። ምንም አልተለወጠችም። እናቷ ጎንበስ ብለው ጉንጯን በመዳፋቸው ነኩ። ከዚያ እጃቸውን መለስ አደረጉ፣ እንደገናም ነኩ። ቀና ብለው ሁላችንንም አዩን።

«የእሳት አገር ነው ስትሉኝ አልነበር? ልጄን ለምን እንዲህ በረዳት?»

 ከደጋ የለበሱትን ጋቢ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ከትከሻቸው ያላወረዱትን፣ አወለቁና አለበሷት። አገጯ ድረስ ሳቡላት፤ ጠርዙን በሁለቱም በኩል ወሸቅ ወሸቅ አደረጉላት፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ። ቄሱ ከነጋቢው ይሁን አሉ። ከነጋቢው ቀበርናት።

አሮጊቷ እስከ አርባዋ እኔ ዘንድ ቆዩ። ያን በበረዶ የራሰ ሰጋቱራ ሰዎች ሊጥሉት ሲሉ ከለከሉ። «የልጄ ልፋት ነው» ብለው ጓሮ ላይ አሰጡት። እኔን እየጠየቁ ቆርቆሮውን መሙላት ለመዱ፤ ጠርሙሱን ሲስቡ ግን ብዙ ጊዜ ይደረመስባቸው ነበር። ወደ ሥራ በተመለስኩበት ቀን ማታ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

«ግባ እንጂ፣ ልጄ። ምን ትጠብቃለህ?»

«አራግፍ እስክትለኝ…» አልኩ። ቃሉ አምልጦኝ ነው።

ወጡና አጠገቤ ቆሙ። ቁመታቸው ትከሻዬ ጋ አይደርስም። በዚያች ትንሽ እጃቸው የደረሱበትን ያህል ጀርባዬን እየመቱ አራገፉልኝ። ሁለታችንም ያን ጊዜ ነው ድምፅ አውጥተን ያለቀስነው።

መቃብሯ አሸዋ ላይ ነው። ነፋሱ አፈሩን እየጠረገ ጉብታውን ዝቅ ሲያደርገው አየሁ። ሥራዬን አውቃለሁና ከባሕር ውኃ ቀድቼ አጠጣሁት። ፀሐይ ሲመታው ቅርፊት ሠራ፤ ነፋሱም ተወው። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው አጠጣዋለሁ። የመጋዙ ሰው ጋሪውን ይነዳልኛል፤ እሱ በርሜሉን ያወርዳል፣ እኔ አፈሳለሁ። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

በኋላ በሁለቱ አገሮች መካከል የሆነው ሆነ። መኪናዎቹ መውረድ አቆሙ፤ ወደቡ ዝም አለ። እንጨት የለም፣ ሰጋቱራም የለም። ጉድጓዱ ባዶውን ሲቀር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የእኛ ሰዎች ዕቃቸውን እየቋጠሩ መሄድ ጀመሩ፤ የእኔም ተራ ደረሰ። የመጋዙ ሰው ሊሸኘኝ መጣ።

«ሓወይ፣ ስለ ክምሯ አትስጋ» አለኝ። «እኔ አጠጣታለሁ።»

አቅፌው ሄድኩ። 

ከዚያ ወዲያ ስልኩም መንገዱም ለብዙ ዓመት ተዘጋ። ይኑር አይኑር አላውቅም። አሁን ያለሁት ኮምቦልቻ፣ የእናቷ ቤት በነበረው ግቢ ውስጥ ነው። እዚህ ነፋስ ብዙም የለም። አልፎ አልፎ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ያን ጊዜ የያዝኩትን ሁሉ አስቀምጥና አሰብ ላይ ዛሬ በርሜል ጭኖ የወጣ ሰው ይኖር ይሆን እላለሁ።